በትንሽ በጀት ለአጭር ፊልም ካሜራ አመራረጥ፦ ወሎ ውስጥ ለሚቀርጹ ቡድኖች

ሱቅ ገብቶ ካሜራ የሚጠይቅ ጀማሪ ሁለት ነገር ያስቀድማል፦ «ስንት ሜጋፒክስል ነው?» እና «4ኬ ይቀርጻል?»። ሻጩም እነዚሁን ሁለቱን እያሞገሰ ዋጋውን ይሰቅላል። ሜጋፒክስል የፎቶ ነገር ነው። የሙሉ ኤችዲ ቪዲዮ አንዱ ፍሬም 2 ሜጋፒክስል ገደማ ብቻ ስለሆነ ባለ 18ም ሆነ ባለ 24 ካሜራ ለእናንተ ያው ነው። 4ኬ፣ ማለትም ከሙሉ ኤችዲ አራት እጥፍ ነጥብ ያለው ቪዲዮ፣ ደግሞ ካሜራውን ብቻ ሳይሆን ካርዱን፣ ሃርድ ዲስኩንና የኤዲቲንግ ላፕቶፑን አብሮ ያስለውጣል።

ይህ መመሪያ ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ወልድያ ወይም ባቲ ሆኖ ከ5 እስከ 15 ደቂቃ የሚደርስ ፊልም በራሱ ኪስ ለሚሠራ ቡድን የተዘጋጀ ነው። አካሄዱ ከስክሪፕቱ ይነሳል፤ የካሜራው ስም የሚመጣው በኋላ ነው።

1. ስክሪፕቱን ይዛችሁ ቁጭ በሉ

ለእያንዳንዱ ትዕይንት አራት ነገር ጻፉ፦ ቦታው የት ነው፣ ሰዓቱ ስንት ነው፣ ስንት ሰው ይናገራል፣ ካሜራው ይንቀሳቀሳል ወይስ ይቆማል።

8 ገጽ ስክሪፕት አላችሁ እንበል። በተለምዶ አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ ገደማ ስለሚሆን ፊልሙ 8 ደቂቃ ነው። የመጀመሪያው ትዕይንት ደሴ ውስጥ፣ 3 በ4 ሜትር በሆነች ክፍል፣ ማታ፣ ቡና ተፈልቶ ሁለት ሴቶች ሲነጋገሩ ነው፤ መብራቱ ጣሪያ ላይ ያለች አንዲት አምፖል ናት። ሁለተኛው ሐይቅ ዳር፣ ቀን 6 ሰዓት፣ ፀሐዩ አናት ላይ ሆኖ። ሦስተኛው ጦሳ ተራራ ላይ፣ ገና ሲነጋ፣ በጉም ውስጥ አንድ ሰው ዝም ብሎ ሲራመድ።

የመጀመሪያው ትዕይንት የሚጠይቃችሁ ብርሃን የሚያስገባ ሌንስና የማይክ መሰኪያ ያለው ካሜራ ነው። ሁለተኛው የሌንስ ጥቁር መስታወት፣ ማለትም ኤንዲ ፊልተር ይፈልጋል። ሦስተኛው ትርፍ ባትሪ፣ ጠንካራ ትራይፖድና ከእርጥበት የሚከላከል ቦርሳ ይላል። ሦስቱም ትዕይንቶች 4ኬ አልጠየቁም። ስክሪፕታችሁ ሩጫና ድብድብ ካለበት ብቻ ተጨማሪ ጥያቄ አለ፤ ርካሽ ካሜራ ሴንሰሩን፣ ማለትም ምስሉን የሚይዘውን ቺፕ፣ ከላይ ወደ ታች መስመር በመስመር ስለሚያነብ ቶሎ ሲዞር የስልክ እንጨቱም የቤቱ ግድግዳም ይንጋደዳል። እንዲህ ያለውን ትዕይንት ካሜራውን አቁማችሁ ተዋናዩን ብታሯሩጡት ይሻላል።

2. ገንዘቡን ከመውጣቱ በፊት ከፋፍሉት

ዋጋ በብር አልጻፍንም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሬ ለውጥ ወዲህ የዕቃው ዋጋ ቶሎ ቶሎ ስለሚቀያየር በድርሻ መናገሩ ይሻላል። ለዕቃ ከያዛችሁት ከእያንዳንዱ 100 ብር ለካሜራና ለሌንስ 45፣ ለድምፅ 20፣ ለትራይፖድና ለመብራት 15፣ ለካርድና ለባትሪ 10 አድርጉ፤ የቀረችው 10 ብር አትነካ። ቻርጀር ይቃጠላል፣ ኬብል ይበጠሳል፣ ለዚያ ናት። የተዋናዮች ምሳና የባጃጅ ዋጋ እዚህ ውስጥ የለም፤ እሱን ከዕቃ ገንዘብ ላይ የቆረጠ ቡድን ሁለተኛው ቀን ላይ ያለ ማይክ ይቀራል።

ብዙዎች 90ውን ካሜራ ላይ ጨርሰው በካሜራው አብሮ በተሠራ ማይክ ይቀርጻሉ። ውጤቱ ጥርት ያለ ምስል ሆኖ ንግግሩ ከጉድጓድ ውስጥ የሚመጣ ይመስላል። ተመልካች ትንሽ የደበዘዘ ምስል ይታገሣል፤ ያልተሰማው ንግግር ላይ ግን ወዲያው ይዘጋዋል።

3. መግዛት ወይስ መከራየት

የቀረጻ ቀናችሁን ቁጠሩና በአንድ ቀን ኪራይ አባዙት። ድምሩ ከመግዣው ሲሶ ካልበለጠ ተከራዩ። ከበለጠ፣ በተለይ በዓመቱ ሌላ ፊልም የምታስቡ ከሆነ፣ ግዙ።

የኪራይ ካሜራ ያላቸው ፎቶ ቤቶችና የሠርግ ቪዲዮ ቀራጮች ናቸው። በጥርና ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሳምንታት ካሜራው ለሠርግ ስለሚፈለግ ዋጋው አይቀመስም፤ ቢሰጧችሁም እሁድ ጠዋት «መልሱልን» ይሏችኋል። ወሎ ውስጥ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ስለሚድር ካሜራ የሚያርፍበት ጊዜ ጥቂት ነው። ሁዳዴና ረመዳን በሚገጣጠሙባቸው ሳምንታት ግን ባለቤቱ ራሱ ይደራደራል። በሌላው ጊዜ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ያዙ።

ዕቃውን ስትረከቡ በስልካችሁ ዙሪያውን ቪዲዮ ቅረጹት፦ የሌንሱ ፊት፣ የስክሪኑ ጭረት፣ የባትሪው ብዛት፣ የሴሪያል ቁጥሩ። ማስያዣ መታወቂያ ብቻ ይሁን ወይስ ገንዘብም፣ ቢወድቅ ማን ስንት እንደሚከፍል፣ በወረቀት ይጻፍ። «እንተዋወቃለን» የሚባለው ዝምድና የሚበላሸው ሌንስ ሲሰበር ነው።

4. ካሜራው ያለ እነዚህ አይገዛም

የመጀመሪያው የማይክ መሰኪያ ነው፤ 3.5 ሚሊ ሜትር የሆነችው ትንሽ ክብ ቀዳዳ። ከሌለች ሌላው ሁሉ ቢያምርም እለፉት። ሁለተኛው በቪዲዮ ጊዜ ሸተርን (ለእያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ)፣ አፐርቸርን (የሌንሱን ቀዳዳ ስፋት) እና አይኤስኦን (ካሜራው ብርሃኑን የሚያጎላበትን መጠን) በእጅ ማስተካከል መቻሉ ነው። ካሜራው በራሱ የሚያስተካክል ከሆነ ተዋናይዋ ነጠላዋን በቀየረች ቁጥር የክፍሉ ብርሃን ከፍ ዝቅ ይላል።

ሦስተኛው 25 ፍሬም በሰከንድ መቅረጽ ነው፤ ይህንን ሰው ብዙ ጊዜ ይዘለዋል። የኢትዮጵያ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል፤ ዓይን ባያየውም ካሜራ ያየዋል። ከአሜሪካ የመጣ ካሜራ ብዙ ጊዜ ኤንቲኤስሲ (ለ60 ኸርዝ አገሮች የሚሆነው የቪዲዮ ሲስተም) ላይ ተደርጎ በ30 ፍሬምና በ1/60 ሸተር ይቀርጻል፤ ያን ጊዜ በግድግዳው ላይ ጥቁር መስመር ቀስ እያለ ይወርዳል። በኤዲቲንግ አይጠፋም። መፍትሔው ሜኑ ገብቶ ቪዲዮ ሲስተሙን ፓል (ለ50 ኸርዝ የሚሆነው) ማድረግ፣ 25 ፍሬም መምረጥና ሸተሩን 1/50 ላይ ማሰር ነው። ካነን ላይ ይህ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። አንዳንድ የሶኒ ካሜራዎች ከኤንቲኤስሲ ወደ ፓል ስትቀይሩ ካርዱን ፎርማት ስለሚያደርጉ የቀረጻችሁትን አስቀድማችሁ ገልብጡ።

አራተኛው ሌንሱ የሚፈታ መሆኑ ነው። ወደ ጎን የሚከፈት ስክሪን ቢኖረው መልካም ነው፤ ካሜራው ከረከቦቱ አጠገብ መሬት ላይ ሲቀመጥ በደረት ከመተኛት ያድናል። ባይኖረው ግን ካሜራውን ለመተው ምክንያት አይሆንም።

5. የትኛው ሞዴል

ካነን 600ዲ (2011 እ.ኤ.አ.) እና 700ዲ (2013 እ.ኤ.አ.) እስካሁን ለአጭር ፊልም ይበቃሉ። ሙሉ ኤችዲ በ25 ፍሬም፣ የማይክ መሰኪያ፣ የድምፅ መጠን በእጅ ማስተካከያና የሚዞር ስክሪን አላቸው። የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ የላቸውም፤ ስለዚህ እየቀረጻችሁ አትሰሙም፤ ከእያንዳንዱ ቀረጻ በኋላ መልሳችሁ ማጫወት አለባችሁ። ማጂክ ላንተርን የሚባለው ነጻ ተጨማሪ ሶፍትዌር ካርድ ላይ ተጭኖ በሁለቱም ላይ ይሠራል፤ ፎከስ የገባበትን ጠርዝ በቀለም ያሳያል፣ የነጣውን ቦታ ይጠቁማል። የአምራቹ ምርት ስላልሆነ በተከራያችሁት ካሜራ ላይ አትጫኑት።

ትንሽ ገንዘብ ከተጨመረ ካነን 70ዲ ወይም 200ዲ ይሻላል። ሁለቱም ዱዋል ፒክስል የሚባለው ፎከስ ስላላቸው የሚራመድ ሰው ፊት ላይ ሳይንቀጠቀጡ ይከተላሉ። ብቻውን ለሚቀርጽ ሰው ትልቅ እፎይታ ነው። 80ዲ (2016 እ.ኤ.አ.) ላይ የጆሮ ማዳመጫውም መሰኪያ ተጨምሯል። ከዚያ በላይ ያሉት እነ ሶኒ ኤ6400 እና ዜድቪ-ኢ10 ጥሩ ናቸው፤ ለመጀመሪያ ፊልም ግን ልዩነቱን ገንዘብ ለድምፅና ለመብራት ብታውሉት ፊልሙ ላይ ይበልጥ ይታያል። ፓናሶኒክ ጂ7 (2015 እ.ኤ.አ.) በርካሽ ካገኛችሁት 4ኬም የማይክ መሰኪያም አለው። ሴንሰሩ ትንሽ ስለሆነ ማታ ይጨነቃል፤ እዚህ ሌንሱን መፈለግም ሥራ ነው። ካነን ሌንስ ግን የትኛውም ፎቶ ቤት አለ፤ አንዱ ቢበላሽ ተውሳችሁ ትቀርጻላችሁ።

አሁን ወጥመዶቹ። ካነን 1200ዲ፣ 1300ዲ፣ 2000ዲ እና 4000ዲ የማይክ መሰኪያ የላቸውም። ኒኮን ዲ3400 እና ዲ3500 የላቸውም፤ የሚገርመው ቀድሞ የወጣው ዲ3300 አለው። ሶኒ ኤ5100 እና ኤ6000ም የላቸውም። እነዚህ ሁሉ ለፎቶ ደህና ስለሆኑና ስለሚረክሱ «ለፊልም ይሆናል» ተብለው ይሸጣሉ።

የባሰው ወጥመድ ስም ላይ ነው። ካነን ለአሜሪካ ገበያ ሌላ ስም ይሰጣል፤ 600ዲ እዚያ ሪቤል ቲ3አይ፣ 700ዲ ደግሞ ሪቤል ቲ5አይ ይባላል። ሪቤል ቲ5 ግን 1200ዲ ነው። ልዩነቱ መጨረሻ ላይ ያለችው አንዲት ፊደል ናት፤ አንደኛው ማይክ ይቀበላል፣ ሌላኛው አይቀበልም። ቲ6 እና ቲ6አይም እንደዚሁ ናቸው። በስልክ «ቲ5 ነው» ብሎ ለሚሸጥ ሰው የካሜራውን የግራ ጎን ላስቲክ ከፍቶ መሰኪያዎቹን ፎቶ አንስቶ እንዲልክላችሁ ጠይቁ።

6. ስልክ ብቻ ካላችሁ

ጥሩ ስልክ ካላችሁ ለመጀመሪያው ፊልም ካሜራ አትግዙ፤ ገንዘቡን ለማይክና ለመብራት አውሉት። ግን በስልኩ የራሱ ካሜራ አትቅረጹ። ብላክማጂክ ካሜራ የሚባለው ነጻ አፕ 25 ፍሬም፣ 1/50 ሸተርና ቋሚ ነጭ ሚዛን (ነጭ ነገር በመብራቱ ቀለም ሳይለወጥ ነጭ ሆኖ እንዲታይ የሚያደርገውን) እንድታስሩ ያስችላል፤ ስልካችሁ የማይቀበለው ከሆነ ኦፕን ካሜራ ለአንድሮይድ አለ።

የስልክ ዋና ችግር የፍሬም ብዛቱ ሳይታሰብ መለዋወጡ ነው። 25 ያላችሁት አንዴ 24፣ አንዴ 26 ይሆናል፤ ኤዲቲንግ ላይ ለብቻው የተቀዳ ድምፅ ስታስገቡ ከንፈርና ቃል ቀስ በቀስ ይለያያሉ። ሃንድብሬክ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ቋሚ ፍሬም አድርጋችሁ ቀይሩትና ከዚያ ኤዲት አድርጉ። ማታ ትዕይንት ላይ ስልክ በጣም ይሸነፋል፤ ስክሪፕታችሁ ግማሹ ማታ ከሆነ ካሜራ ተከራዩ።

7. ሌንስ፦ ከካሜራው በላይ አስቡበት

ከካሜራው ጋር የሚመጣው 18-55 ሌንስ ለቀን ይበቃል። ምስል ማረጋጊያ ያለው ዓይነት መሆኑን ስሙ ላይ «አይኤስ» የሚሉትን ፊደላት ፈልጋችሁ አረጋግጡ። ሲያስጠጉት ግን አፐርቸሩ ወደ ኤፍ 5.6 ስለሚጠብ (የኤፍ ቁጥሩ ሲበዛ ቀዳዳው ይጠባል) ማታ ቤት ውስጥ ይጨልማል። 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ከዚያ 10 እጥፍ ገደማ ብርሃን ያስገባል፤ በካነን ዓለም ከሁሉ የረከሰው ብሩህ ሌንስም እሱ ነው።

ችግሩ ቦታ ነው። 3 ሜትር ርቀት ላይ ቆማችሁ በ50 ሌንስ ስትቀርጹ የሚገባው ስፋት 1.3 ሜትር፣ ቁመት 75 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ሰው ከወገብ በላይ ማለት ነው። በ24 ሚሊ ሜትር ከዚያው ቦታ 2.8 ሜትር፣ በ18 ደግሞ 3.7 ሜትር ይገባል። ስለዚህ በዚያች የቡና ክፍል ሁለቱን ሴቶች ከነረከቦቱ አንድ ላይ ለማሳየት 18 ወይም 24 ያስፈልጋል፤ 50ው ለፊት ነው። ሁለት ሌንስ ብቻ መግዛት የምትችሉ ከሆነ 18-55ን እና 50ን ያዙ። ክፍሏ በጣም ከጠበበች በሩን ከፍታችሁ ካሜራውን ደጅ አቁሙት።

በኤፍ 1.8፣ በ2 ሜትር ርቀት፣ ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት 11 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ተዋናይዋ ሲኒ ለማንሳት ጎንበስ ስትል ዓይኗ ይደበዝዛል። ኤፍ 2.8 ላይ አድርጉትና አንድ ተጨማሪ አምፖል አብሩ፤ ያኔ ትንሽ መፈናፈኛ ታገኛላችሁ።

አሁን ወደ ሐይቅ ዳር። ፀሐይ አናት ላይ ሆኖ፣ አይኤስኦ 100፣ ሸተር 1/50 ሲሆን ትክክለኛው አፐርቸር ኤፍ 22 አካባቢ ነው። ኤፍ 22 ላይ ምስሉ ይለሰልሳል፣ ሴንሰሩ ላይ ያለው አቧራ ሁሉ ነጠብጣብ ሆኖ ይወጣል። ሸተሩን ወደ 1/2000 ብታሳድጉት ደግሞ እንቅስቃሴው ይንቀጠቀጣል። ኤፍ 2.8 ላይ ለመቅረጽ 6 ደረጃ ብርሃን መቀነስ አለባችሁ (እያንዳንዱ ደረጃ ብርሃኑን በግማሽ ይቀንሳል)፤ ይህ ኤንዲ 64 ነው። ተለዋዋጭ ኤንዲ ብትገዙ አንዱ ለሁሉም ይሆናል፤ ርካሹን እስከ መጨረሻ ስታዞሩት ግን ምስሉ ላይ የመስቀል ቅርጽ ያለው ጥላ ያመጣል፣ ስለዚህ ከሦስት እጅ ሁለቱን አትለፉ። የ18-55 ሌንስ የፊልተር አፍ 58 ሚሊ ሜትር ነው፤ ስሙ ላይ «ኤስቲኤም» የሚል ያለበት የ50 ሌንስ ደግሞ 49። ፊልተሩን 58 ገዝታችሁ ከ49 ወደ 58 የሚያሳድግ ቀለበት ጨምሩ፤ ሁለት ፊልተር ከመግዛት ያድናል።

8. ያገለገለ ካሜራ ሲታይ

ይህ ክፍል ጊዜ ይወስዳል፤ ሻጩ ቢቸኩልም እናንተ አትቸኩሉ። የራሳችሁን ሜሞሪ ካርድ፣ የአንገት ማይክ፣ የጆሮ ማዳመጫ፣ ነጭ ወረቀትና ላፕቶፕ ይዛችሁ ሂዱ።

ሌንሱን ፍቱት። የስልካችሁን መብራት ከኋላ በኩል አብርታችሁ በሰያፍ ተመልከቱ። ትንሽ አቧራ ምንም አይደለም። የሸረሪት ድር የሚመስል ቀጭን ክር ካያችሁ ሻጋታ ነው፤ እርጥበት ባለበት ዘግቶ ያስቀመጠ ሰው ሌንስ ላይ ይበቅላል፣ ያድጋልም። «ይጠረጋል» ቢላችሁ አትስሙ፤ ውስጥ ነው።

ሌንሱን መልሳችሁ ኤፍ 22 ላይ አድርጉና ነጭ ወረቀት ወይም ሰማይ ፎቶ አንሱ። ላፕቶፕ ላይ ስታሰፉት ጥቁር ነጠብጣቦች ካሉ የሴንሰር አቧራ ነው። ሁለት ሦስት ቢሆን ይጸዳል፤ ጭረት የመሰለ መስመር ካለ ግን ያልሠለጠነ እጅ ጠርጎታል ማለት ነው፤ ተዉት። ቀጥሎ ክዳኑን ከድናችሁ በአይኤስኦ 3200 ለ30 ሰከንድ ቪዲዮ ቅረጹ። በጨለማው ላይ ቋሚ ሆነው የሚያበሩ ቀይ ወይም ነጭ ነጥቦች የተበላሹ ፒክስሎች ናቸው። ማታ ትዕይንት ላይ በተዋናዩ ፊት ላይ ኮከብ ይሆናሉ።

ማይኩን ሰኩ። እየቀረጻችሁ ሶኬቱን በጣት ቀስ አድርጋችሁ ወዘወዙት፤ ከዚያ ቪዲዮውን ላፕቶፕ ላይ በጆሮ ማዳመጫ ስሙ። ከፈነጠረ ወይም በአንድ ጆሮ ብቻ ከመጣ መሰኪያው ላልቷል። ይህ ሠርግ ላይ የቆየ ካሜራ ሁነኛ ሕመም ነው፤ ሻጩ ራሱ ላያውቀው ይችላል።

ከዚያ ሳታቋርጡ 15 ደቂቃ ቅረጹ። 600ዲ ፋይሉ 4 ጊጋ ሲደርስ፣ ማለትም 11 ወይም 12 ደቂቃ ላይ፣ ራሱ ይቆማል፣ እንደገና ታስጀምሩታላችሁ፤ 700ዲ ደግሞ ሳይቆም አዲስ ፋይል ይጀምራል፤ ይህ ብልሽት አይደለም። በ3ኛው ወይም በ5ኛው ደቂቃ ራሱ ከቆመ ግን ወይ ካርዱ ቀርፋፋ ነው ወይ ካሜራው ታሟል፤ በሌላ ካርድ ድገሙት። ቀረጻው እስኪያልቅ የስክሪኑን ማጠፊያ ከፍታችሁ ዝጉ፤ ብልጭ ድርግም ካለ ውስጡ ያለው ሪባን (ጠፍጣፋው የስክሪን ገመድ) ሊበጠስ ነው። ባትሪውን አውጥታችሁ ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት፤ ካበጠና ከተንከባለለ አትጠቀሙበት።

የሸተር ቁጥር የሚጠይቁ አሉ። 600ዲ ለ100,000 ያህል ፎቶ የተሠራ ሸተር አለው፤ ቪዲዮ ሲቀረጽ ግን ሸተሩ ብዙ አይመታም። ለእናንተ ከቁጥሩ ይልቅ የማይክ መሰኪያውና የሌንሱ ጤና ይበልጣል። የጃፓን ገበያ ሶኒ ከሆነ ሜኑው ከጃፓንኛ ሌላ ቋንቋ ላይቀበል ስለሚችል ቋንቋ መቀየሩን እዚያው እዩ።

በመጨረሻ የሴሪያል ቁጥሩን ከታች አንብባችሁ በሽያጭ ወረቀቱ ላይ ከሻጩ ስምና ፊርማ ጋር አጽፉ። ወረቀት የማይጽፍ ሻጭ ዕቃውን ከየት እንዳመጣው አይታወቅም። ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት ይህን ሁሉ አድርጉ፤ ከሰጣችሁ በኋላ ድርድሩ አለቀ።

9. ድምፅ

ርካሹ አስተማማኝ መንገድ ባለ ገመድ የአንገት ማይክ ነው። ቦያ ቢዋይ-ኤም1 6 ሜትር ገመድ አለው፣ ለስልክም ለካሜራም ይሆናል። ለካሜራ ስትጠቀሙ በላዩ ያለችውን ማብሪያ ወደ ካሜራው ምልክት አዙሩ፣ ትንሿ ኤልአር44 ባትሪም ውስጡ ትኑር። ሁለቱን የሚረሳ ሰው «ማይኩ አይሠራም» ብሎ ይመልሰዋል።

ሁለት ሰው የሚናገር ከሆነና የካሜራው መሰኪያ አንድ ከሆነ፣ ሁለተኛውን ማይክ ስልክ ላይ ሰክታችሁ ስልኩን በተዋናዩ ኪስ አስገቡ። ስልኩ አውሮፕላን ሞድ ላይ ይሁን። ቀረጻው ሲጀመር አንድ ሰው በካሜራው ፊት አንዴ ያጨብጭብ፤ በኤዲቲንግ ላይ የጭብጨባውን ድምፅ ከእጁ መግጠም ጋር አገናኙ።

ካሜራው ድምፁን በራሱ እንዲያስተካክል አትፍቀዱ። ተዋናዩ ዝም ሲል ካሜራው ድምፁን ከፍ ያደርግና ከበስተኋላ ያለው ሹክሹክታ ሁሉ ይፈላል። በእጅ አድርጉት፤ ተዋናዩ ጮክ ብሎ ሲናገር መለኪያው -12 አካባቢ ይድረስ። ዜሮን ከነካ ተሰንጥቋል፤ አይጠገንም። ነፋስ ጦሳ ላይም ሐይቅ ዳርም አይጠፋምና ማይኩ ላይ ፀጉራም ሽፋን አልብሱ፤ ስፖንጁ ብቻውን ለዚያ ነፋስ አይሆንም። ቦታውን ስትመርጡ ደግሞ ጆሮአችሁን ይዛችሁ ሂዱ። የደሴ ዋና መንገድ ዳር ያለ ቤት በባጃጅ ድምፅ ይሞላል፤ ቆርቆሮ ጣሪያ ክረምት ላይ ምንም ንግግር አያስቀዳም። የአዛንና የደወል ሰዓት ጠይቃችሁ ዕቅዳችሁን በእነሱ መካከል አድርጉ።

10. ካርድ፣ ባትሪ፣ የቀረው ዕቃ

600ዲ በደቂቃ 330 ሜጋ ገደማ ይጽፋል። ለ8 ደቂቃ ፊልም አንዱን ትዕይንት 8 ጊዜ ያህል የምትደግሙ ከሆነ 64 ደቂቃ ቀረጻ፣ 21 ጊጋ ነው። ይህ በሰከንድ 5.5 ሜጋ ስለሆነ ክላስ 10 ካርድ ይበቃዋል። በሰከንድ 100 ሜጋቢት የሚጽፍ 4ኬ ከሆነ ያው ቀረጻ 48 ጊጋ ይፈጃል፤ ዩ3 ወይም ቪ30 የሚል ካርድም ይጠይቃል። አንድ 128 ከመግዛት ሁለት ባለ 32 ግዙ፤ አንዱ ቢጠፋ ግማሹ ፊልም ይተርፋል።

ሐሰተኛ ካርድ ገበያው ላይ ሞልቷል። 64 ጊጋ የሚል ጽሑፍ ያለበት እውነተኛው 8 ሊሆን ይችላል፤ ያለችግር የሚጽፍ ይመስልና ፋይሉ አይከፈትም። ኤች2ቴስት በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ሙሉውን ሞልታችሁ ሳትፈትኑ አትቅረጹበት።

ባትሪ ቢያንስ ሦስት ያዙ። ጠዋት ጦሳ ላይ ብርዱ ባትሪውን ቶሎ ያወርደዋልና ትርፎቹን በውስጥ ኪስ አሙቋቸው። መብራት በሚሄድበት ቀን ከመኪና የሚሠራ ኢንቨርተር ያድናል። ከብርድ ወደ ሞቀ ክፍል ካሜራውን በአንዴ አታስገቡ፤ ሌንሱ ላይ ጉም ይይዛል። ቦርሳው ውስጥ እንደተዘጋ 30 ደቂቃ ይቆይ። ደሴ ላይ ክረምቱን የሚያሳልፍ ሌንስ በጫማ ካርቶን ውስጥ ከሚገኙት የእርጥበት መምጠጫ ከረጢቶች ጋር በሚታሸግ ፕላስቲክ ዕቃ ይቀመጥ።

ትራይፖድ ሲመረጥ ካሜራውን ከላይ አስቀምጣችሁ እጀታውን ለቀቅ አድርጉት፤ አንገቱን ከደፋ ቀላል ነው። መሃሉ ላይ የድንጋይ ከረጢት የሚንጠለጠልበት መንጠቆ ይኑረው። ለመብራት ሁለት ኤልኢዲ አምፖል፣ ረጅም ገመድ ያለው ዲቫይደርና ነጭ ፎም ሰሌዳ ለመጀመሪያው ፊልም በቂ ናቸው። የቡናውን ትዕይንት አንዱን አምፖል ከነጭ ነጠላ ጀርባ አድርጋችሁ ከጎን ብታበሩት የጣሪያው አምፖል ፊት ላይ የሚጥለው ጥቁር የዓይን ጉድጓድ ይጠፋል። አምፖሎቹ ሁሉ አንድ ቀለም ይሁኑ፤ አንዱ ቢጫ አንዱ ነጭ ከሆነ ካሜራው የቱን እንደሚከተል ግራ ይገባዋል። 600ዲ ነጭ ሚዛንን በኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ) ቁጥር ስለማይቀበል ነጭ ወረቀት በዚያው ብርሃን ፎቶ አንስታችሁ በእጅ አስተካክሉት።

11. የሙከራ ቀን

ከዋናው ቀረጻ ቢያንስ ሦስት ቀን ቀደም ብላችሁ ከስክሪፕቱ አንድ ገጽ ምረጡ፤ ከባዱን። በምሳሌያችን የማታው ቡና ነው። በዚያው ክፍል፣ በዚያው ሰዓት፣ በእነዚያው አምፖሎች ቅረጹት። ፓል፣ 25 ፍሬም፣ 1/50፣ ኤፍ 2.8፣ የምስል ስታይሉ ኒውትራል፣ ሹልነቱ ዜሮ። አይኤስኦውን 400 ላይ፣ ከዚያ 800፣ ከዚያ 1600 አድርጋችሁ ድገሙት። 600ዲ እስከ 800 ንጹሕ ነው፤ 1600 ላይ በጥቁሩ ቦታ ላይ አሸዋ መሰል ነገር ይታያል፤ ከዚያ በላይ ከፈለጋችሁ አምፖል ጨምሩ።

የቀረጻችሁትን በካሜራው ስክሪን አትፍረዱ፤ እዚያ ላይ ሁሉም ያምራል። ላፕቶፕ ላይ ሙሉ ስክሪን፣ ከተቻለ ቴሌቪዥን ላይ እዩት። ግድግዳው ላይ የሚወርድ መስመር ካለ ሸተሩን ተመልከቱ። ዓይኗ ከደበዘዘ አፐርቸሩን ጠበብ አድርጉ፣ መብራቱን አስጠጉ። ንግግሩ ሩቅ ከሆነ ማይኩ ከአፍ አንድ ስንዝር ተኩል ላይ እንዲሆን ዝቅ ወይም ከፍ አድርጉት፤ ልብስ እየፈተገው ከሆነ በፕላስተር ደረት ላይ ለጥፉት። ላፕቶፑ ፋይሉን ሲያጫውት ከተንቀረፈፈ ዳቪንቺ ሪዞልቭ በሚባለው የኤዲቲንግ ፕሮግራም ላይ ፕሮክሲ (ለኤዲቲንግ ብቻ የሚሆን ቀላል ቅጂ) አሠርታችሁ ሞክሩ፤ ያኔም ካልሆነ ወደ ሙሉ ኤችዲ ተመለሱ።

ሙከራው ያሳያችሁን ጉድለት በተከራያችሁት ወይም ልትገዙት ባሰባችሁት ካሜራ መሸፈን ካልቻላችሁ የምትቀይሩበት ጊዜ ይህ ነው፤ ሦስቱ ቀን የተተወው ለዚሁ ነው።